የጥርስ ሐኪሙ ፉርጎ

ታኅሣሥ ገብቶ ሰማዩ ከባሕሩ በላይ ማጉረምረም ሲጀምር የወደብ ከተማዋ የሳካታ ሰው ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ በረዶንና ሃታሃታ የሚባለውን ዓሣ። ቶጋሺ ኮሳኩ ግን ሦስተኛም ነገር ነበረው። በዚያ ሳምንት የማኅበሩ አባላት የአሻንጉሊት ባቡር ፉርጎዎቻቸውን በየካርቶናቸው አሽገው እቤቱ ድረስ ያመጡለታል። አሻንጉሊት ማለታችንን ቢሰሙ ይቀየሙናል፤ የሚስቶቻቸውን የልደት ቀን ረስተው ፉርጎው የተገዛበትን ቀን የሚያስታውሱ ሽማግሎች ናቸው።

ቶጋሺ መነጽር ቤት ከፍቶ ዕድሜውን ጥቃቅን ብሎን ላይ አቀርቅሮ የፈጀ ሰው ነው። ማኅበሩም ይህን አይቶ የመጋጠሚያ ተቆጣጣሪ አደረገው። ፉርጎን ከፉርጎ የሚያይዘው መጋጠሚያ የታጠፈ ጣት ይመስላል፤ ሁለት የታጠፉ ጣቶች ሲገናኙ ይቆላለፋሉ። ጣቱን ገፍታ የምትዘጋው ሽፋሽፍት የምታክል ጥቅል ሽቦ ናት። እሷ ከላላች መጋጠሚያው የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም። ቁመቱም ከሁሉም ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ፣ ሜዳ ላይ ተስማምተው የሄዱ ፉርጎዎች ዳገት ላይ ይተላለፋሉ። ዘይት ደግሞ እርም ነው። ዘይት አቧራ ይጠራል፣ አቧራ ጣቱን ያደርቀዋል፤ የሚነሰነሰው የጽሕፈት እርሳስ ብናኝ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ልጁ ቺቶሴ ገና የወተት ጥርሷን ሳትነቅል አጥንታዋለች።

ቺቶሴ አሁን ስምንተኛ ወሯ ነው። ባሏን ሴንዳይ ከተማ ትታ፣ እንደ ወጉ፣ ለመውለድ አባቷ ቤት መጥታለች። እናቷ ከሞተች ቆይቷል፤ ስለዚህ የሚያርሳት ቶጋሺ ነው ማለት ነው። ሩዝ ማብሰል እንኳ አይሆንለትም። እሷ ግን ሆዷን ደገፍ አድርጋ ከጎኑ ተቀምጣ ፉርጎዎቹን ከካርቶን እያወጣች ታቀብለዋለች።

“አባዬ፣ የዶክተርን ፉርጎ እኔ ልየው?”

“አትንኪ። እጅሽ ዓሣ ዓሣ ይላል።”

“የዓሣ ፉርጎ አይደል እንዴ? ይስማማዋል!”

ቶጋሺ ሳይወድ ፈገግ አለ። የዶክተር ሺራሃታ ፉርጎ ዓሣ መጫኛ ነው፤ ነጭ፣ ከእንጨት የተሠራ። ዶክተሩ ጥርስ ሐኪም በነበሩ ጊዜ ከጥርስ ራጅ ፊልም ውስጥ የምትወጣዋን ስስ የእርሳስ ብረት እያጠራቀሙ ሆዱ ውስጥ ጠቅጥቀውበታል። በማኅበሩ ውስጥ ከቶጋሺ የነዳጅ ፉርጎ ቀጥሎ የሚከብደው እሱ ነው። ከበድ ያሉት ከፊት ይሰለፋሉ፤ ስለዚህ በየዓመቱ ከጎታቹ ሞተር ቀጥሎ የቶጋሺ፣ ከቶጋሺ ቀጥሎ የዶክተሩ ይሆናል።

ማኅበሩ በዓመት አንድ ቀን ኦኖዴራ ሶባ የሚባለውን የኑድል ሾርባ በሚሸጥበት ቤት ፎቅ ላይ ረጅሙን ባቡር ያስኬዳል። አባል ሁሉ አንድ አንድ ፉርጎ ያዋጣል፤ ተያይዘው ክፍሉን ይዞሩና ዳገቱን ወጥተው በካርቶን ተራራ ውስጥ ያለውን ዋሻ ያልፋሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ተበጠሰ። ተቆርጦ በቀረው ጭራ ፊት ላይ የነበረው የካኖ ፉርጎ ነው። ተሳቀበት፤ እሱም እየሳቀ ለሁሉም ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ቀዳ። የቼሪ አበባ ሳይፈካ ካኖ ሞተ። ባለፈው ዓመት እዚያው ዋሻ ውስጥ ተበጠሰ፤ ያኔ ደግሞ የኢሳዋ ፉርጎ ላይ። ኢሳዋም ሳኬውን ቀዳ፤ ግን አልሳቀም። በበጋ ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ፤ የተመለሰችው ጀልባዋ ብቻ ናት።

ሰው “አጋጣሚ ነው” አለ። ቶጋሺም ሰው ፊት እንደዚያው ይላል። ግን ሁለቱንም መጋጠሚያዎች የመረመረው እሱ ነው፤ ምንም አልነበራቸውም። እንከን ቢያገኝባቸው ኖሮ እንዴት ደስ ባለው! እንከን ያለበት ነገር ይጠገናል። ደግሞም ባቡር ቢበጠስ የሚበጠሰው ሸክሙ በሚበረታባቸው በፊተኞቹ ላይ ነው፤ የካኖና የኢሳዋ ፉርጎዎች ግን ቀለል ያሉና ወደ መጨረሻው የተሰለፉ ነበሩ። ደህና ነገር እዚያ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ለምን እንደሚፈታ ማንም ሊነግረው አልቻለም።

በዚህ ዓመት ደግሞ የሚፈራበት ምክንያት ነበረው። ሆዱ ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ሥር አብጧል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቀዶ ጥገና ይጠብቀዋል። ሐኪሙ ቁጥር እየጠራ አስረዳው፤ ቶጋሺ የሰማው ግን “እስከዚያ ካልፈነዳ” የምትለዋን ብቻ ነው። የሚፈልገው ብዙ አልነበረም፤ የልጅ ልጁን ፊት ማየት፣ ከዚያም ሌላ ጥቂት ዓመት፤ ልጁ ፉርጎ በጁ እስኪይዝ ድረስ።

የራሱን የነዳጅ ፉርጎ እቤቱ ባለችው የመሞከሪያ ዳገት ላይ አወጣው። ተፈታ። ቁመቱን ለካ፤ ልክ ነው። ሽቦዋን አየ፤ ደህና ናት። ብናኝ ነስንሶ እንደገና ቢሞክር ተፈታ። መጋጠሚያውን ነቅሎ ከእሽጉ ያልወጣ አዲስ ተከለበት፤ አሁንም ጣቶቹ ቀስ ብለው፣ የማይዋደዱ ሰዎች ሰላምታ ሰጥተው እንደሚለያዩት ተለያዩ። ውጭ ሰማዩ አጉረመረመ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሱ ግን እንዳይደርስ አንድ መላ መጣለት።

ባቡሩ በየዓመቱ የሚበጠሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ከተበጠሰ እሱ ጋ አይበጠስም። ዶክተር ሺራሃታ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ሚስት ቀብረዋል፣ ልጆች ድረዋል፣ የልጅ ልጆቻቸው እንኳ ሽበት ጀምሯቸዋል። ለሳቸው አንድ ዓመት ምንድን ነው? እንዲህ እያለ ራሱን ሲያሳምን ቆየ። ሰው ራሱን ማሳመን ሲፈልግ ጠበቃም ዳኛም ራሱ ይሆናል።

ቺቶሴ ለምርመራ ክሊኒክ በሄደችበት ከሰዓት በኋላ የመነጽር እግር የሚያለሰልስበትን ቀጭን ሞረድ አወጣ። የዶክተሩን ፉርጎ ገለበጠው። የፊተኛውን መጋጠሚያ ጣት፣ ሌላው ጣት የሚይዝበትን የውስጥ ከንፈር፣ በጥቂቱ ሞረደው። ሜዳ ላይ ይይዛል፤ ዋሻው ዳገት ላይ ሸክሙ ሲበረታ ይንሸራተታል። በአጉሊ መነጽር ካልሆነ በዓይን አይለይም። የሞረዱን ብናኝ እፍ አለው። ሲጨርስ እጁን ደጋግሞ ታጠበ።

“አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው? ፊትህ አመድ መስሏል” አለች ቺቶሴ ስትመለስ። ጫማዋ ላይ በረዶ ነበር።

“ሆዴን ነው።”

“ያመሃል? ሐኪም ቤት እንደውል?”

“አይ። አይደለም። ልጁ እንዴት ነው?”

“ይራገጣል። ከእናቱ ቀድሞ ባቡር ሊነዳ ያሰበ ይመስለኛል” ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ካርቶኖቹን ለየባለቤቶቹ መለሰ። ዶክተሩን ማሞቂያ ባለው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ሥር እግራቸውን ዘርግተው፣ ፐርሲመን የሚባል የደረቀ ፍሬ እየቆራረሱ አገኛቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰውን የሚያውቁት በድምፁ ነው። ፉርጎውን ከካርቶኑ አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና በአውራ ጣታቸው ከጣሪያው እስከ ጎማው ዳሰሱት። የፊተኛው መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ አውራ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ቀጠለ።

“በደንብ አይተኸዋል?”

“አይቼዋለሁ ዶክተር።”

“ቁመቱም? ሽቦዋም?”

“ሁሉም ደህና ነው።”

“አንተ ካየኸው ምን እላለሁ” አሉና ፐርሲመን ቆርሰው ሰጡት። “ቺቶሴ እንዴት ናት? ስትወልድ ማን ያርሳታል?”

“እኔው ነኛ።”

“ጉድ ነው፤ ልጅቷ በረሃብ አለቀች በለኛ!” ብለው ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸው ቀዘቀዘ። “ሰዉ ሁሉ፣ ‘ዶክተር፣ እርስዎስ ዕድሜ ጠገቡ’ ይለኛል። ጥጋብ የለውም ቶጋሺ። ጠዋት ስነሳ አሁንም የቁርሱ ሽታ ደስ ይለኛል። ይህን ለወጣት ብትነግረው አይገባውም። አንተ ግን ይገባሃል ብዬ ነው።”

ቶጋሺ ፐርሲመኑን ሳይጎርስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አሁን ቢናገር ያልቅ ነበር፤ “ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አንዴ ይስጡኝ፣ ደግሜ ልየው” ቢል ይበቃ ነበር። አፉን ከፈተና ስለ በረዶው አወራ።

የባቡሩ ቀን ጠዋት የሶባ ቤቱ ፎቅ በሰው ሞላ። ጫማው ሁሉ ደረጃው ሥር ተደርድሯል። ከታች የሾርባው ሽታ ይመጣል፣ መስኮቱን በረዶ እየደበደበው ነው። በሌላ ዓመት ቢሆን ሁካታው አያስገባም ነበር፤ ዘንድሮ ሰዉ ሁሉ ለቅሶ ቤት የመጣ ይመስል ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። ኦኖዴራ፣ የሶባ ቤቱ ባለቤትና የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ሽርጡን እንዳሰረ በየመካከሉ እየገባ ሊያሳስቃቸው ቢሞክር አልሆነም።

“ምንድን ነው ፊታችሁን ያጨለማችሁት? ብትወዱም ባትወዱም ሶባውን የምትበሉት ከባቡሩ በኋላ ነው!”

ቶጋሺ የነዳጅ ፉርጎውን ከጎታቹ ኋላ ሐዲድ ላይ አስቀመጠ። ተቆለፈ። ቀና ሲል ዶክተሩ በከዘራቸው ተደግፈው፣ ነጩን ፉርጎ በሌላው እጃቸው ይዘው፣ ከቺቶሴ ጋር ቆመዋል።

“አንድ ነገር ልናገር” አሉ ዶክተሩ። “ዓይኔ ሐዲዱንና ጠረጴዛውን አይለይልኝም። ይህ ፉርጎ ከዛሬ ጀምሮ የቺቶሴ ነው። ኦኖዴራም በአባልነት ተቀብሏታል።”

ቺቶሴ ፊቷ በደስታ በራ። “ዶክተር! የምርዎን ነው?”

“ሕፃን ሳለሽ ጥርስሽን ስነቅል ስታለቅሺ፣ አንድ ቀን እሰጥሻለሁ ብዬሽ ነበር እኮ። አልረሳሁም።”

ሰዉ አጨበጨበ።

“አይሆንም” አለ ቶጋሺ።

ሁሉም ወደሱ ዞሩ። “ምኑ ነው የማይሆነው?” አለ ኦኖዴራ።

“እሷ... ነፍሰ ጡር ናት። ብዙ መቆም የለባትም።”

“አባዬ ደግሞ! ፉርጎው ነው እንጂ እኔ ልጎተት ነው እንዴ?”

ተሳቀ። ቶጋሺ ግን አልሳቀም። “እንለዋወጥ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “የኔን የነዳጅ ፉርጎ ውሰጂ። ይህንን እኔ ላስኪደው።”

“ለምን? የኔ እኮ የዶክተር ነው!” ብላ ጎንበስ አለችና፣ ሆዷ ጠረጴዛውን እየነካ፣ ነጩን ፉርጎ ከአባቷ ፉርጎ ኋላ አስቀመጠችው። ተቆለፈ። የሌሎቹም ተከታትለው ተሰለፉ።

እውነቱን መናገር ብቻ ነው የቀረው። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ሰዎች በሙሉ እጁን አምነው ፉርጎአቸውን የሰጡት ናቸው። “ምናልባት አይፈታም” አለ በልቡ። “ደግሞስ ምን አገናኘው? መጋጠሚያ ነው፤ ብረት ነው።” ይህን ግን የራሱን ፉርጎ በፈራ ጊዜ አላለውም ነበር።

ኦኖዴራ ኃይሉን ለቀቀ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ፤ መጋጠሚያዎቹ ከፊት እስከ ኋላ ተራ በተራ ተወጠሩ። በመስኮቱ በኩል ዞረ፣ በበሩ በኩል ዞረ። ዶክተሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረዋል፤ ሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጣጥፏል። ባቡሩ ወደ ዳገቱ ዞሮ ፍጥነቱ ሲቀንስ ቶጋሺ በነዳጅ ፉርጎውና በነጩ ፉርጎ መካከል ያለውን ክፍተት አየ። በጥቂቱ ሰፍቷል። ጣቱ ከጣቱ ላይ መንሸራተት ጀምሯል። ዋሻው አፉን ከፍቶ ከፊት አለ። ቺቶሴ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ፉርጎዋን እየተከተለች በጠረጴዛው ጎን ትሄዳለች፤ ትስቃለች።

ቶጋሺ ተንደርድሮ እጁን ሰደደና የራሱን ፉርጎ አፍንጫ ብድግ አደረገው። መጋጠሚያው ከጎታቹ ተላቀቀ። ባቡሩ በሙሉ ዳገቱ ሥር ቆመ፤ ጎታቹ ብቻውን ዋሻው ውስጥ ገባ። ጥቂት ቆይቶ በዚያኛው በኩል ምንም ሳይጎትት ብቅ አለ።

“እኔ ጋ ተበጠሰ” አለ ቶጋሺ እያለከለከ። “አያችሁ? የኔ ነው። እኔ ጋ ነው የተበጠሰው።”

ሞትን በገዛ እጁ የጠራ ያህል ተሰማው። ፈራ፣ በጣም ፈራ፤ ግን መጋጠሚያውን ከሞረደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለው። የቆየለት አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው።

“በእጅ የተፈታማ አይቆጠርም!” አለ ኦኖዴራ፤ ለመሳቅ እየሞከረ። “ምን ነካህ ቶጋሺ፣ ተቆጣጣሪው ራስህ! በሉ ጎታቹን መልሱት። ቺቶሴ፣ አንቺ ቅርብ ነሽ፣ አያይዢው። እንደገና እናስኪደው።”

ዶክተሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሥተው አጠገቡ መጡ። ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ “ዕድሜዬን ሙሉ ጥርስ ስሞርድ ነው የኖርኩት” አሉት። “የተሞረደና ያልተሞረደ ነገር ጣቴ ይለያል።”

ቶጋሺ ወደ ዶክተሩ ዞረ። እንደ ምንም ብሎ፣ “እያወቁ ነው... ለልጄ?” አለ።

“አንተስ እያወቅህ ለኔ አይደለም? የኔን ዓመት ትርፍ ነው ብለህ ቆጠርክ። ያንተ ትርፍ የቱ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።” ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር። “እጅህን ዘረጋህ። ደህና። እጅህ ግን አልበቃም፤ እሰማለሁ፣ ጎታቹን እያመጡት ነው።”

እውነትም ጎታቹ ወደ ኋላ እየመጣ ነበር። የነዳጅ ፉርጎውን ነካ፤ ተቆለፈ። ኦኖዴራ እጁን መቆጣጠሪያው ላይ አደረገ። ቺቶሴ ነጩ ፉርጎ ዘንበል ያለ መስሏት ልታቃናው ጎንበስ አለች።

“አቁም!” ብሎ ጮኸ ቶጋሺ። “ኦኖዴራ፣ አቁም። ቺቶሴ፣ አንሺው። ከሐዲዱ ላይ አንሺው። መጋጠሚያውን ሞርጄዋለሁ። ዋሻው ውስጥ እንዲፈታ ብዬ ነው።”

ከታች የድስት ክዳን ሲንኳኳ ተሰማ። ኦኖዴራ እጁን ከመቆጣጠሪያው ላይ አነሣ። ከሽማግሎቹ አንዱ የራሱን ፉርጎ ከመስመሩ አንሥቶ አቀፈው፤ ሌላውም ተከተለው።

ቺቶሴ ነጩን ፉርጎ አንሥታ ገለበጠችው። መጋጠሚያ ማየት አባቷ አስተምሯታል፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጋ የት መመልከት እንዳለባት ፈልጋ አላጣችውም። ቆይታ ቀና አለች። መጀመሪያ ዶክተሩን አየች፣ ከዚያ አባቷን። ሆዷ ላይ የነበረው እጇ ጠበቅ አለ፤ ወደሱ አንድ እርምጃ የሄደችውን መልሳ ወደ ኋላ ሄደች።

“አባዬ” አለች። “ስትሞርደው፣ የማን ነበር?”

መልሱን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሷም ታውቀዋለች። ከአፉ ልትሰማው ግን ቆማ ጠበቀችው።